ለእናቴ የሰጠኋት ዕድሜ

ከጎንደር የወጣን ዕለት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ እትዬ ብርቄ በአውቶቡሱ መስኮት እጄን ይዛ አለቀሰች። እማዬን ግን ቀና ብላ አላየቻትም። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ አዝላ ያሳደገችኝ። ለእኔና ለእማዬ ከአገር መውጣት ተፈቀደልን፣ እሷ ቀረች። ለምን እንደቀረች እስካለፈው ሳምንት ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ እንግዲህ ይውጣልኝ።

ለጉዞው ስንጠየቅ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ፈቃድ ሰጪው ሹም እማዬ መቼ እንደተወለደች ጠየቀ። «አጎቴ የተዳረ ዓመት» አለች ኮራ ብላ። እኔ ያኔ ለነርስ ተማሪዎች ስታትስቲክስ የማስተምር፣ ቁጥር አዋቂ ነኝ ባይ፣ አፈርኩባት! ከሆዴ አንድ የልደት ዓመት አውጥቼ በእንግሊዝኛ ነገርኩት።

ሹሙ ቁጥሩን ከእትዬ የትምህርት ቤት ወረቀት ጋር አስተያየና ሳቀ። «እናትሽ በዘጠኝ ዓመታቸው ነው የወለዷት?»

«ተሳስቼ ነው፣ ይስተካከልልኝ።»

«አሁን እዚሁ ተቀምጠው አረጁ?»

እማዬ ቋንቋውን ስለማታውቅ አብራው ፈገግ አለች። ከወራት በኋላ ለእትዬ «ልጃቸው አይደለችም» የሚል ወረቀት ደረሳት። ለእማዬ «ትከተለናለች» አልኳት።

ዛሬ ቤር ሼቫ ነን፣ ሽኩና አሌፍ የሚባል ሰፈር። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ የጎንደር ጭቃ ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? ዕብራይስጡን እስክለምድ ሽማግሌዎች ስንከባከብ ኖሬ፣ አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ተማሪዎቼ «ሞራ» ይሉኛል፣ መምህርት ማለታቸው ነው፤ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ይከራከሩኛል። ኧረ ጉድ ነው!

ባለፈው ሳምንት የሰፈሩን አሮጊቶች ደም ግፊት እንዲለኩ ላክኋቸው። ያኤል የምትባል፣ ወላጆቿ ከእኛ አገር የመጡ፣ እዚሁ የተወለደች ልጅ፣ የሁሉንም ዕድሜ ቅጹ ላይ ሞልታ መጣች።

«አላውቅም ያለሽ የለም?» አልኳት በአማርኛ።

በዕብራይስጥ መለሰችልኝ። «አንዷ እማማ አላውቅም አሉ። ጓደኞቼ ሳቁባቸው። አፈርኩና ሰባ ብዬ ጻፍኩ።»

«የማታውቂውን ባዶ ተይው!» ብዬ ጮህኩባት። «አንቺ ከሆድሽ ያወጣሽውን ነገ ሰው አምኖ ይፈርድበታል!» እንባዬ ሲመጣ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ምስኪን፣ እሷ ምን አደረገችኝ?

ቤት እንደገባሁ ለእትዬ ደውዬ የእማዬን ዕድሜ ከሆዴ ያወጣሁት እኔ መሆኔን ነገርኳት።



«እኔ እኮ» አለች፣ «እስከ ዛሬ ‹ልጄ አይደለችም› ብላ የካደችኝ እማዬ መስላኝ ነበር።» ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እማዬ ከውስጥ «ብርቄ ናት? አገናኚኝ እንጂ!» አለች። ስልኩን አቀበልኳት። እሷ የምታውቀው ነገር የለም፤ እንደ ሁልጊዜው፣ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» አለቻት።