አልደር ፍለጋ ወደ ሳን በርናርዲኖ ተራሮች

ቅዳሜ ማለዳ ከኖርዝ ላስ ቬጋስ የተነሳነው እንጨት ፍለጋ ነው። የከተማችን ደረቅ አየር የበገናዬን ገበቴ፣ ያንን ድምፅ የሚሰጠውን ሳጥን፣ ሰንጥቆብኛል። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ መስፍን ደብረ ማርቆስ በገና ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሶስና የሥራ ባልደረባዬ ናት። እዚህ ካመጣቻቸው ወዲህ "ለእጄ ሥራ የለም፣ ወደ አገሬ መልሺኝ" እያሉ አስጨንቀዋታል። ጥሩ እንጨት ካገኙ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል ብላ ከእኔ ጋር ላከቻቸው። እሷ ሺፍት ነበረባት።

"ዋንዛ ነው የምንገዛው?" አሉኝ ገና አይ-15 አውራ ጎዳና ላይ ሳንወጣ።

"አይደለም ጋሼ፣ አልደር የሚባል ዛፍ ነው። ጊታር ይሠሩበታል።"

"ጊታር!" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የካሊፎርኒያ ቤንዚን ዋጋው እሳት ስለሆነ ድንበሩን ሳናልፍ ሞላሁ። ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን በረሃውን አቋረጥን። "በዚህ አገር ዛፍ የሚባል ነገር አለ?" እያሉ ሲያሾፉብኝ ቆዩና መንገዱ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ጥዱም ሲበዛ፣ ዛፎቹን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

ወንዙ ዳር

የእንጨት ሰንጣቂው የሬይ ግቢ ወንዝ ዳር ነው። አልደር ውሃ የሚወድ ዛፍ ነውና ግራጫ ግንዶቹ ወንዙን ተከትለው ቆመዋል። ሬይ ነፋስ የጣለውን አንዱን በመጋዝ ቆረጠልን። ውስጡ ነጭ ነበር። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ግን መጀመሪያ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎ ቀይ እየሆነ ሄደ።

ጋሼ ደነገጡ። "ይሄማ በሽተኛ ነው! ተነሺ እንሂድ።"

ለሶስና ምን ልላት ነው? ለሬይ ስነግረው ሳቀ።

"ጤነኛ ነው። ሲቆረጥ ይቀላል። ጥንት ስሙን ያወጡለትም በዚሁ ቅላቱ ነው ይባላል።"

ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ግንዱ አጠገብ ተንበረከኩ። በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን ለጠፉ፣ እንደገና አንኳኩ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ መሮ አወጡ። መሮ ይዘው መምጣታቸውን ማን አወቀ! ከጫፉ ትንሽ ፈልፍለው አሸተቱት።

"ገራም እንጨት ነው። ጫኚው።"

የመልስ ጉዞ

እንጨቱ እንዳይደርቅ ብለው ጋቢያቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው አለበሱት፤ ኤሲውንም አስጠፉኝ። ያን በረሃ በላብ ተጠምቀን አለፍነው፤ እሳቸው ግን ስለ ገበቴ አፈላፈል ሲያስረዱኝ አፋቸው አላረፈም። ሶስና ስንት ወር ለምናቸው፣ መክራቸው ነበር። ሰውን የሚያጽናናው ምክር ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት በዚህ ጉዞ ነው። እጁ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

ሶስና በር ላይ ጠበቀችን። "አባዬ፣ እንዴት ነው... ትኬቱን ቡክ ላድርገው?" አለች እየፈራች።

"መጀመሪያ ገለባ ፈልጊልኝ። ገበቴው ገለባ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል።"

"ለመድረቅ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?"

"ዓመትም ሊፈጅ ይችላል" አሉ ግንዱን እየዳበሱ። "ምነው፣ ቸኮልሽ?"