ያለ ባለቤቱ የተነሣው ክራር

መተማ ላይ ስለ ኸሊል የሚወራው በካሜራው ሰው ገድሏል ተብሎ ነው። ጥይት ሳያባክን፣ ጩቤ ሳይመዝ፣ ያችን ጥቁር ሣጥኑን ክራር መቺው ውባንተ ላይ ደግኖ ጭጭ አደረገው ይላሉ። ወሬ ሲያረጅ ጥርስ ያበቅላልና፣ ቆይቶ ቆይቶ ሣጥኗ ነፍስ ከበላች በኋላ ስታገሳ የሰሙ ሰዎችም ተገኙ። አንዲት ሴትዮማ ግሣቷ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል ብለው ምለዋል።

ሐሰት ነው። ውባንተ ከዚያ ፎቶ በኋላ ስንት ክረምት ሽንፋ ላይ ማሽላ ዘርቶ አጭዷል፤ እኔ ራሴ ጠላ ቤት በር ላይ ተደናቅፌበታለሁ። ሣጥኗም ብትሆን ያነሣችው ክራሩን እንጂ እሱን አይደለም፤ ዛሬ የኸሊል ሚስት የኩብራ እንቁላል ማስቀመጫ ሆናለች። የመተማ ወሬኛ ግን መረቅ ያበዛል እንጂ ሥጋውን ከባዶ አይፈጥርም። ካሜራዋ የወሰደችው ነገር አለ።

ኸሊል የአቡጀዲ ነጋዴ ነበር። ሱቁ አገር ከአገር በሚለየው ደረቅ ወንዝ፣ እኛ ኾር በምንለው፣ አፋፍ ላይ ናት፤ በሯ ላይ ቆሞ ያስነጠሰ ሰው ከማዶ ከገላባት «ይማርህ» ይባላል። ጣልያን መተማን በያዘ በዓመቱ፣ ገላባት ይኖር የነበረ አንድ ግሪክ ዕቃውን በትኖ አገሩ ሲገባ ካሜራዋን ለኸሊል በአንድ ጆንያ ሙጫ ለወጠለት። ያስተማረው ሰው የለም። ፊልም እያበላሸ ራሱን አስተማረ።

የሚነሣለት ሰው ግን አጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሣጥኗን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ኸሊል ዕቃ ማንሣት ጀመረ፦ ፋኖስ፣ ኮርቻ፣ የግመል ጭነት፣ የኩብራን ማንቆርቆሪያ።

«ሰው ሚስቱን ያነሣል፤ የኔ ባል ማንቆርቆሪያ!» ትለዋለች ኩብራ።

«አንች ትነቃነቂያለሽ። ማንቆርቆሪያው ጨዋ ነው።»

እየቆየ በዕቃ በኩል የሚደርስበት ጠፋ። ያነሣው ኮርቻ ስፌቱ ይቆጠር ነበር። ይኸን የምለው ላመሰግነው ብዬ አይደለም፤ መከራው የመጣው ከዚሁ ከጥበቡ ስለሆነ ነው።

በ1932 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ በቅዳሜ ገበያ ግርግር፣ ውባንተ የአገዳ ሸክም ተሸክሞ ሱቁ ውስጥ ዘው አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤቱ ሲቃጠል ሚስቱ ስመኝ ከስደተኛው ጋር ወደ ገዳሪፍ ተሻግራለች፤ እሱ ዱር ገብቶ ከአርበኞች ጋር ሆኗል። ኸሊል ኩብራን ሲያገባ ሦስት ቀን ሙሉ ክራር የመታለት እሱ ነው።

«በአላህ! አንተን ሞተ ብለውን ነበር!»

«እኔንም ብለውኛል፤ አላመንኳቸውም።» ሸክሙን አወረደና ከአገዳው መሐል ክራሩን መዘዘ። «ችግሩ ስመኝ ወሬ ታምናለች። እንዳለሁ የሚነግራት ነገር ላክልኝ።»

«ደብዳቤ ላስጽፍልህ?»

«ደብዳቤ የያዘውን ሰው ይሰቅሉታል። ክራር ያለበት ወረቀት ግን ማንን ይከሳል? ይኸን ክራር አንሣልኝ። እሷ የኔን አወጣጠር ታውቃለች። ባለቤቱ የሞተበት ክራር አውታሩ ይላላል። ጥብቅ ብሎ ስታየው መኖሬ ይገባታል።»

«አንተን አብሬ ባነሣህስ?»

«ፊቴን ባንዳ ሁሉ ያውቀዋል። ከአንገት በታች እንደፈለግህ።» ግራ እጁን ዘረጋ። ውጅግራ ጠመንጃው እጁ ላይ ፈንድቶ ሁለት ጣቱን ወስዶበታል። «እኔም አሁን እወጥረዋለሁ እንጂ አልመታውም።»

እንግዲህ አንዲት ሴት የባሏን ሕይወት ከአውታር ላይ እንድታነብ፣ ስድስቱም አውታር ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

ኸሊል በማግሥቱ ጠዋት ቤቱን ገለባበጠው። ክራር ቤት ውስጥ ማንሣት ማንቆርቆሪያ እንደ ማንሣት አልሆነለትም። ፀሐይ ላይ ሲያቆመው ቆዳው ነጭ እሳት ይሆናል፤ ጨለማ ውስጥ ሲያስገባው ገበቴው ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል። በመጨረሻ ከበሩ ጎን፣ ፀሐይዋ ሳትነካው ብርሃኗ ብቻ በሚያልፍበት ቦታ አስደገፈው። እንጨቱ ቅቤ ጠጥቶ ያብለጨልጭ ነበርና በአመድ አሸው። ሙቀጫ ደፍቶ ሣጥኗን እላዩ ላይ አስቀመጠ፤ ጥላ ውስጥ ስትሆን ዐይኗን ከፍታ ስለምትቆይ፣ ከተነቃነቀችም ምስሉ ስለሚደበዝዝ፣ ትንኝ እንኳ እንድታርፍባት አይፈልግም።

ጭቃው ግድግዳ አውታሩን ዋጠው። «ከኋላው ነጭ ጨርቅ!» አለ ኸሊል። የኩብራ አዲስ ነጠላ መጣ፤ ከግድግዳው እስከ መሬቱ ተዘረጋ። አሁን ደግሞ ነጣ ያለው ጅማት ነጩ ላይ ጠፋ። ኸሊል ከፋኖሱ ጥላሸት በጣቱ እየጠረገ ስድስቱን አውታር አንድ በአንድ አጠቆረ።

«ክራሬን ኳልከው እኮ!» አለ ውባንተ።

«ወደ ሚስት የሚላክ ነገር ሳይኳል ይሄዳል?»

አንድ ጥቅል ፊልም ስምንት ጊዜ ያነሣል። አራተኛው ላይ ዶሮ አለፈች። ስድስተኛው ላይ ክራሩ ተንሸራተተ፤ ውባንተ ዘሎ በግራ እጁ ያዘው፤ የኸሊል ጣት ግን ቀድሞ ተጭኖ ነበር።

«አበላሸኸው!»

«ታዲያ ይሰበር?»

«ክራር ይጠገናል፤ ፊልም አይጠገንም!»

ውባንተ ከዚያ ወዲያ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ስምንተኛው ሲነሣ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር። ቀትር ላይ ውባንተ ክራሩን አገዳው ውስጥ መልሶ «የሚሆነውን አንተ ምረጥ» ብሎ ወጣ።

ፊልሙን ገዳሪፍ አሳጥቦ ያመጣው የኩብራ ወንድም ጀይሉ ነው። ሙጫ በግመል እየጫነ ስለሚነግድ የይለፍ ወረቀት ነበረው። ስምንቱ ፎቶ ምንጣፍ ላይ ተዘረጋ። አንዱ ላይ፣ ክራሩ ግንባር ላይ በተለጠፈችው ትንሽ መስተዋት ውስጥ፣ ኸሊል ራሱ ምላሱን ነክሶ ይታያል፤ ኩብራ ጎኗን እስኪያማት ሳቀች። ስምንተኛው ግን ሌላ ነበር። ጥላ የለበት፣ ነጸብራቅ የለበት፤ ክራሩ ነጩ ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አውታሩ ይቆጠራል። ኸሊል እያየው ዐይኑ እንባ ሞላ፤ ደስ ብሎት።

ኩብራ ስድስተኛዋን አነሣች። በሷ ላይ ክራሩ ጋደል ብሏል፤ አንድ አውታር ደብዝዟል፤ ከዳር በኩል ሦስት ጣት ብቻ ያለው እጅ ቋሚውን እንጨት ጨብጦታል።

«ይችን ላክላት።»

«አብደሻል? የተበላሸች እኮ ናት።»

«ሰው አለባታ።»

«ያለው እጅ ነው፤ እሱም ጎዶሎ። ስመኝ አውታር እንጂ ጣት ልትቆጥር አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ ከኔ ቤት አይወጣም።»

ስድስተኛዋን ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ ስምንተኛውን ለጀይሉ ሰጠው። ጀይሉ ደግሞ የሰማውን ነገር ሳያወራ ምራቁን የማይውጥ ሰው ነው፤ ስለዚህ የማን ክራር እንደሆነ አልነገረውም።

«የሽንፋዋን ስመኝ ፈልገህ ስጣት፤ ምንም እንዳትናገር።»

«ከማን ነው ልበል?»

«አትበል።»

«ደኅና ናቸው ልበል?»

«ማንኛቸው? አትበል!»

«ኧረ ወላሂ፣ ሰላምታ እንኳ?»

«ጀይሉ፣ በእናትህ፣ በዕድሜህ አንዴ ዝም በል። ቃል ካመለጠህ የምሰቀለው እኔ ነኝ።»

ጀይሉ በዕድሜው አንዴ ዝም አለ። ያችኑ አንዴ።

ገዳሪፍ የደረሰው በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ነው። ግመሎቹ ወደ ከሰላ ስለሚቀጥሉ የሚቆይበት ጊዜ አልነበረውም። የስመኝን ደጅ አንኳኳ፤ ወጣች፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወረቀቱን ሰጣት።

«ማን ላከልኝ?»

ዝም።

«አገር ደኅና ነው?»

ጀይሉ ወሬው እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ፤ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

በኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ የሚያረዳውም ሰው አፍ አውጥቶ «ሞተ» አይልም። አስከሬኑ ሩቅ ለቀረ ሰው ሲለቀስ ደግሞ ዕቃው ነጭ ጨርቅ ላይ ይወጣለታል፤ ጠመንጃው፣ ልብሱ፣ ክራር መቺ ከሆነም ክራሩ። ባለቤቱ ያለ ይመስል ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ኸሊል ይኸን መቶ ጊዜ አይቷል፤ ለስንቱ ለቅሶ ነጩን አቡጀዲ የሸጠው እሱ ነው። ክራሩን ባነሣበት ጠዋት ግን የታየው አውታር ብቻ ነበር። ውባንተም አላወቀውም፤ ሰው የራሱ ለቅሶ ላይ ተገኝቶ አያውቅማ።

ስመኝ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ የነበረ የሽንፋና የአርማጭሆ ስደተኛ ሁሉ ጩኸቷን ሰማ።

ጀይሉ በሰኔ ሲመለስ ግመሎቹን ሳያስተኛ አፉን ከፈተ። «ያ ክራር መቺው ውባንተ ሞቶ ኖሯል ለካ! ሴቲቱ ጠጕሯን ተላጭታ፣ ያንተን ሥራ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ መጪውን ሁሉ ታስለቅሳለች። ሰውስ ምን ይላል መሰለህ? ‹እንዴት ያለ ጥርት ያለ ፎቶ ነው› ይላል!»

ኸሊል መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ኩብራን አያት፤ እሷ አልሳቀችም።

«ተመለስ! ተመለስና አለ በላት! አሁኑኑ!»

ግመሎቹ ሳይጫኑ ጣልያንና ማዶውን የያዘው እንግሊዝ ተታኮሱ። መሻገሪያው ተዘጋ፤ ገላባት ላይ መድፍ ወደቀ፤ ኾሩን የሚሻገር አሞራ ብቻ ሆነ። ኸሊል ሁለት ጊዜ ሊሾልክ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተገርፎ ተመለሰ። ሰባት ወር ሙሉ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ማዶ ማዶውን አየ። ቢያስነጥስም «ይማርህ» የሚለው አልነበረም። ኩብራ ስለ ስድስተኛዋ ፎቶ አንድም ቀን አላነሣችበትም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ጥር 1933 ጣልያን መተማን ለቀቀ። ውባንተ ከዱር ወጥቶ ከኸሊል ሱቅ ፊት ቆመና «ተነሣ፣ ስመኝን እናምጣት» አለ። ኸሊል መንገድ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነገሩን ነገረው። ውባንተ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ታዲያ ምን አለበት? ሞቶ ለተመለሰ ሰው አቀባበሉ ይበልጣል እንጂ አያንስ! ድግስ ነው የሚጠብቀን።»

ክራሩን ትከሻው ላይ አንግቦ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ሊመታው እንደማይችል የረሳ ይመስል፣ የሚያዜመውን እየመረጠ።

ገዳሪፍ ደርሰው የስደተኞቹ ሰፈር ሲገቡ አንዲት ቆብ የደፋች መነኩሴ ደጅ ትጠርጋለች። ውባንተ ጫማው ውስጥ የገባውን ጠጠር ሊያወጣ ወደ ኋላ ቀርቷል።

«እንደምን አደሩ፣ እማሆይ። የሽንፋዋ ስመኝ ቤት የትኛው ነው?» አለ ኸሊል።

መነኩሴዋ ቀና አለች። በኸሊል ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

የመነኮሰችው የባሏን ተዝካር ባወጣች ማግሥት ነው። ልጅ የላት፣ ቤት የላት፤ ከዋልድባ የተሰደዱ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቆብ ደፉላት። ሰው ሲመነኩስ በቁሙ የሙታን ጸሎት ይደገምለታል፤ ከዚያ ወዲያ ለዚህ ዓለም ሟች ነው።

«ስመኝ» አለ ውባንተ። «አለሁ እኮ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «እኔ ግን የለሁም። ፍትሐት ተደግሞልኛል።»

«ለኔም ደግመውልኝ ነበር፤ ይኸው ተነሣሁ። አንችም ተነሽ።»

«ያንተን ሞት የተናገረው ወረቀት ነው። የኔን የተናገርሁት እኔው ነኝ፤ በመስቀል ፊት።»

«አውታሩን አላየሽውም?» አለ፤ ድምፁ ወደ ልመና ዞሮ። «ጥብቅ አድርጌ ወጥሬው! እንድታይው ብዬ!»

«ዐይን እንባ ሲሞላ አውታር ማን ያያል፣ ወንድሜ?»

ወንድሜ አለችው። ውባንተ ክራሩን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አጋደመው። እሷ ከጉያዋ ያን ስምንተኛውን ፎቶ አወጣች፤ ዳር ዳሩ በእንባ ተበልቷል፤ መሐሉ ግን አሁንም ጥርት እንዳለ ነው። ከክራሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ጎንበስ ስትል የውባንተን ግራ እጅ አየች፤ ልትነካው እጇን ዘርግታ፣ መልሳ በነጠላዋ ሸፈነችው።

ኸሊል ኪሱን ሲዳብስ ቆየ። ስድስተኛዋን አወጣት፤ በላብ ርሳ እየደረቀች ተጨማድዳለች። ጎንበስ ብሎ ከስምንተኛው ጎን አኖራት። ከዳር በኩል ያለው ባለ ሦስት ጣት እጅ ቋሚውን እንደጨበጠ ነው።

«ደኅናዋ ይችኛዋ ነበረች» አለ።