ለአሮጊቷ አህያ የነደፍኩት ቤት

አህያዬ ስታረጅብኝ ቤት ልሠራላት ተነሣሁ። ቀልድ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር የምንኖር ሰዎች የአህያ ጡረታ አናውቅም። መጫን ሲያቅታት መንገድ ዳር እንለቃታለን፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። የዚችን እናት እኔው በእጄ እንዲያ ለቅቄያታለሁ። በማግስቱ በዚያ ሳልፍ ያገኘሁት ኮቴዋን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አህያ ባናፋ ቁጥር ስሜ የተጠራ ይመስለኛል።

ልጂቱ እንደ እናቷ አትሄድም ብዬ ማልኩ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ አወረድኩና ጀርባው ላይ ነደፍኩ። በሩ ነፋስ ከሚመጣበት ዞር ያለ። ጣሪያው ሣር፤ ቆርቆሮ ከሆነማ የሐምሌ ዝናብ እንደ ነጋሪት ይደልቅባታል። ወለሉ ድንጋይ ንጣፍ፣ ሽንቷ እንዳይጠራቀም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። ግርግሙ በአንገቷ ልክ፣ በስተርጅና ጎንበስ እንዳትል። ከሁሉ የኮራሁበት ግን ደፉ ነው፦ ክረምት ጎርፍ እንዳይገባ በበሩ ሥር የሚጋደም፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የወይራ ግንድ። አህያዋንም ውስጥ ቆማ ሳልኳት፤ ሥዕል ስለማልችል ጆሮዋ ከጣሪያው በላይ ወጣ።

ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«አንቱ፣ አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ለእኔ አንዲት መደርደሪያ እንኳ ነድፈውልኝ ያውቃሉ?»

«አንቺን ጅብ አይበላሽም።»

«ፈርቶኝ ነዋ!»

ለአህያ ቤት ደቦ የጠራ ሰው በአገራችን ተሰምቶ አያውቅም። ለጥጃ ነው ብዬ ልዋሽ አሰብኩ፤ ጥጃ እንደሌለኝ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እውነቱን ተናገርኩ። መጡልኝ፤ ለጠላው ይሁን ለመሳቅ አልጠየቅኳቸውም።

አናጢው ጎረቤቴ ማገሩን እየመታ፣ «አያ፣ ‹አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ› ሲባል አልሰሙም?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ። እኔ ግን አህያውም አለኝ፣ ጠቡም አለኝ።»

«በሩ ላይ ደወል አይሰቀልም? እንግዳ ሲመጣባትሳ?» አለ ጭቃ የሚረግጠው።

«አንተ ስትመጣ ደወል አያስፈልግህም፤ ዘመድ ነህ።»

በሁለተኛው ቀን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደፉ ተገጠመና ቤቱ አለቀ። አህያዋን አመጣኋት። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። አራት ሰው ከኋላ ገፋ፣ እኔ ከፊት የበቆሎ እሸት ይዤ ለመንኳት፤ ንቅንቅ አላለችም። ፀሐይዋ ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ደርሳለች። የድሮውን ጋጣ ደግሞ እኔ ብልሁ ሰው አፍርሼ እንጨቱን ለአዲሱ አውዬዋለሁ። ካልገባች ሜዳ ማደሯ ነው፤ ሜዳ ካደረች ጧት ኮቴ ልለቅም ነው። ሳቄ ጠፋ።

ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እስቲ ንድፍ አውጪው ይግቡና ያሳዩዋት» አለች።

ደፉ ከተገጠመ ወዲህ ገብቼ አላውቅም ነበር። ቀኝ እግሬን አነሣሁ፤ ተሻገረ። ግራው ግን ጉልበቱ ቋ! አለና እምቢ አለኝ። ወደ ፊት አልል፣ ወደ ኋላ አልል፤ በቅሎ ላይ እንደ ወጣ መኮንን ግንዱ ላይ ፊጥ ብዬ ቀረሁ። ደቦው በሳቅ ጭቃው ላይ ተንከባለለ። አህያዋ ብቻ አልሳቀችም። ጉልበቷን አየሁት፤ እንደኔው አብጧል። ሁለት ቀን ሙሉ የአንገቷን ልክ ስለካ ጉልበቷን አላየሁም፤ የራሴንም ጭምር።

«ቁረጠው!» አልኩት አናጢውን።

«ወይራ እኮ ነው፣ አያ! ጎርፉስ?»

«ለጎርፉ ቦይ እቆፍርለታለሁ። መጀመሪያ ግን አውርዱኝ!»

አወረዱኝ፤ ቆረጠው። አህያዋ ፍቅፋቂውን አሸተተች፣ ማንም ሳይነካት ገባች፣ አንገቷን ግርግሙ ውስጥ ከተተች። በአንገቷ ልክ እንኳ አልተሳሳትኩም።

አናጢው መጋዙን ሊያስቀምጥ ሲል ባለቤቴ፣ «ቆይ፣ የእኛም ቤት ደፍ አለ» አለችው።

«የእኛ ደፍ ምን አጠፋ?» አልኩ።

«እሱማ ምንም። አንቱ ግን ከጥምቀት ወዲህ ሦስት ጊዜ ወድቀውበታል።»

እሱም ተቆረጠ። የተቆረጠውን የወይራ ግንድ አሁን አህያዋ በር ላይ አድርጌ እቀመጥበታለሁ። በአስፋልቱ የሚያልፈው ሁሉ፣ «ጡረተኞቹ፣ እንዴት አደራችሁ?» ይለናል። እሷ ታናፋለች፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ።