የእትዬ ታም ፎቶና ዳክዬዋ

እትዬ ታምን ያወቅኳት ከሚቶ ከተማ ወረድ ብሎ በሜኮንግ ወንዝ ቦይ ዳር ካለው ገበያ ነው። እሷ ዳክዬና የዳክዬ እንቁላል ትሸጣለች፣ እኔ አጠገቧ ቃሪያና ጠጅ ሣር ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ ልጃገረድ ነበርኩ፤ አሁን እሷ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ምላሷ አያርፍም። እንቁላሏን ወደ ፀሐይ አንሥታ የምታገላብጥ ገዢ ካየች፣ "ምነው፣ ለልጅሽ ልታጪያት ነው?" ትላታለች።

አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃት ነበር። ባሏ የሞተው አንድም ፎቶ ሳይነሣ ነው። ቤቷ ባለው የሙታን ጠረጴዛ ላይ የዕጣኑ ጽዋ አለ፣ ፍራፍሬው አለ፣ ፊቱ ግን የለም። መታሰቢያው ሲደርስ የልጅ ልጆቹ ለባዶ ግድግዳ ይሰግዳሉ። "ነገ እኔንም እንዲሁ ግድግዳ ሊያደርጉኝ ነው፤" ትለኝ ነበር። የከተማው ፎቶ አንሺ እንደሆነ ጦርነቱ ሲብስ ካሜራውን ጠቅልሎ ሳይጎን ገብቷል።

አንድ አሜሪካዊ ወታደር ገበያችን መመላለስ የጀመረው ያኔ ነው። ቁመቱ አያልቅም፣ ሽመላው እንለዋለን። ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አንግቶ ካሜራውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። የሚያነሣው ግን ግራ የገባው ነገር ነው፤ የተሰጣ ልብስ፣ የደንበኛውን ጆሮ የሚጠርግ ፀጉር አስተካካይ፣ ድስት የምታጥብ ሴት።

"እነሱ አገር ድስት አይታጠብም እንዴ?" ትላለች እትዬ ታም።

ከዚያ አንድ ጧት ረጅሙን የሐር ቀሚሷን ለብሳ መጣች። የሙታን ፎቶ ደንብ ነውና ሁለቱም ጆሮዎቿ እንዲታዩ ፀጉሯን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሐውልት መስላ ተቀመጠች። ሽመላው አያት፣ ፈገግ አለላት፣ ዞሮ ዳክዬዎቹን አነሣ።

"አየሽው? ለዳክዬዎቼ ጊዜ አለው።"

"እትዬ፣ ስትደርቂ አይወድ ይሆናል።"

"ታዲያ የሙታን ጠረጴዛ ላይ እየጨፈርኩ ልቀመጥለት?"

ከዚያ ወዲያ ድብብቆሽ ሆነ። ስትኮሳተር ያልፋታል። ከገዢ ጋር ስትሰዳደብ ካሜራውን ያነሣል፤ ያኔ ደግሞ እሷ ፊቷን በባርኔጣዋ ትጋርዳለች። ቀን ሙሉ በምታኝከው ቅጠል አፏ እንደ በርበሬ ቀልቶ ፎቶ ላይ እንዲቀር አትፈልግም።

መላ የመታችው ዓሣ ሻጯ ሴን ናት። "እኔና ኡት ግራና ቀኝሽ እንቀመጥ፤ ሰብሰብ ያለ ሰው ሲያይ ያነሣል፤" አለቻት። ኡት እኔ ነኝ። ተቀመጥን። እውነትም ሽመላው ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ይሄኔ እትዬ ታም ግራ ቀኟን አየች። ሦስት ነን፣ መሐል ያለችው እሷ ናት። እኛ ዘንድ ሦስት ሆኖ ፎቶ የሚነሣ የለም፤ መሐል ያለው ቀድሞ ይሞታል።

"አንቺ ሴን፣ ልትገድይኝ ነው ያስቀመጥሽኝ?"

"ፎቶውስ ለሞትሽ አይደል?"

"ለሞቴ ነው እንጂ፣ ለነገ ነው አልኩሽ?"

ይህን እያለች እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ሰደደችና ያገኘችውን ዳክዬ ስባ ጭኗ ላይ ዱብ አደረገችው። "ይኸው፣ አራት ሆንን።" ዳክዬው ጮኸ፣ በአንድ ክንፉ ሴንን በጥፊ አላት፣ እትዬ ታም ከነቀይ አፏ በሳቅ ፈነዳች። ሽመላውም የፈለገውን አገኘ።

ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ፎቶውን አምጥቶ ሰጣት። ብዙ አየችው። "ጆሮዬ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው፤" አለችና በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ሌላ ፎቶ አልተነሣችም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ብዙ ኖረች፤ ከዳር የተቀመጠችውን ሴንን እንኳ ቀብራ ነው የሞተችው። ልጇ ፎቶውን የሚያሳምር ሰው ጋ ይዞት ሄደ። ሰውየው እኔንና ሴንን ቆርጦ ጣለን፣ ለእሷ የሐር ቀሚስ ሣለላት። ዳክዬው ግን ሌላው ክንፉ አገጯ ሥር ስለገባ፣ "የእናትህን ፊት ሳልነካ አይወጣም፤" አለ።

"ፊቷ ከሚነካ ይቀመጥ፤" አለ ልጇ።

ስለዚህ እትዬ ታም ጠረጴዛው ላይ ከዳክዬዋ ጋር እንደሳቀች አለች። አጠገቧ የባሏ ቦታ ዛሬም ባዶ ነው። በመታሰቢያዋ ቀን በዚያ ቤት የዳክዬ ሾርባ አይሠራም፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ እንዴት ይበላል። ዘንድሮ ትንሿ የልጅ ልጇ ዕጣኑን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረችና፣ "አያቴ ኡት፣ ለየትኛው ነው የምሰግደው?" አለችኝ።

"ዝም ብለሽ ስገጂ፤ ሁለቱም እያዩሽ ነው፤" አልኳት።