«ጠ» የጠፋችበት ቅዳሜ

ሰሞኑን አንድ የጥያቄና መልስ ጨዋታ በቴሌግራም እየዞረ ነው። የሚጠይቀው ቅዳሜ ጠዋት እያየን ስላደግነው፣ አንዲት የአሻንጉሊት ግመል ፊደል ስለምታስተምርበት ፕሮግራም ነው። ደሴ ውስጥ በምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ስልኳን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «ግመሏ ምን ዓይነት ቀለም ነበራት?» ይላል አንደኛው ጥያቄ። «አረንጓዴ» አልኩ። ስህተት ነው አለኝ። መልሱ ቢጫ ነው አሉ።

አልቀበልም። እኔ ያየኋት ግመል ከጭራዋ እስከ ሽፋሽፍቷ አረንጓዴ ነበረች፤ ምስክር ካስፈለገ አንድ ክፍል ሙሉ የሰፈር ልጅ እጠራለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ሻኛ እንዳላት ነው። ይሄንን አገኘሁት፣ ሁለት። ያኔም ቢሆን ያጣላን ነገር ነበር፤ አባቷ ግመል ከሚታይበት ቆላ፣ ከሐርቡ የሆነ አንዲት ልጅ «ግመል ሻኛዋ አንድ ነው፣ ይቺ ግመል አይደለችም» ብላ ስትከራከር፣ ዝም በይ ብለን ወደ ኋላ አስቀምጠናታል። ዛሬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ልክ ነበረች።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ደሜ ፈላ። «ፕሮግራሙ ሳያስተምር ያለፈው ፊደል አለ?» ይላል። አለ ብዬ ነካሁት። የለም አለኝ፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ሳይዘል አስተምሯል አለኝ። የጻፈው ሰው አዲስ አበባ ሆኖ መብራቱ ሳይጠፋበት ያየ መሆን አለበት። ኮምቦልቻ፣ እኛ ሰፈር፣ «ጠ» አልታየችም። «አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ። እወዳለሁ። ከየት እንደተማርኩትም እነግራታለሁ።

የቴሌቪዥኑ ባለቤት ከእኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤታችን ነበረች። እኛ ልጆቹ እትዬ እንላታለን። ከገራዶ ወዲያ ካለ ገጠር ገና በልጅነቷ መጥታ፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በአንዱ ከእናቴ ጋር ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። እናቴ ማሽን ላይ ነች። እትዬ ደግሞ ከማሽኑ ሥር የሚወርደውን የጥጥ ብናኝ ትጠርጋለች፤ ቤቷ ስትገባ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ጥጥ አለ። ቴሌቪዥኑን ደሴ ከሰው እጅ ገዝታ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አወረደችው። መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ይሁን ቀድሞውኑ ታሞ አላውቅም፣ ሲከፈት ዓለሙ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሠሪ መጥቶ ከኋላው ከፍቶ አየና «ቀዩ ቀለም ሞቷል» አላት።

«ሌላውስ?»

«ሌላው ደህና ነው።»

«እንግዲያ አልሐምዱሊላህ። ዝጋው» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት በሯ ክፍት ነው። «ልጆቹ ይዩበት ብዬ ነው የገዛሁት» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። ልጅ ስለሌላት ነው እያሉ ያዝኑላት ነበር፤ እሷም ሲያዝኑላት አትከለክልም። ከኛ ኋላ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጥና «ጆሮዬ በማሽን ጩኸት ደንዝዟል፣ ምን አለች? ጮክ ብላችሁ ድገሙልኝ» ትለናለች። እኛም ግመሏ ያለችውን በአንድ ድምፅ እንጮኻለን። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ከሰል ታመጣና እያንዳንዳችንን የዕለቱን ፊደል ሲሚንቶው ላይ ታስጽፈናለች። ከዚያ አጎንብሳ በጣቷ እየተከተለች ሰባቱንም ቤቶች ታያቸዋለች። እያረመችን ይመስለን ስለነበር ተጠንቅቀን እንጽፍ ነበር። የጆሮዋም ነገር ውሸት ነው፤ ሦስት ቤት አልፎ ስሟ ሲነሳ ትሰማ ነበር።

እውነቱን እኔ ያወቅኩት እናቴ ከእሷ ጋር ስታወራ ሰምቼ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ከመጥረጊያ ወደ ማሽን የሚያልፍ ሰው፣ የተለጠፈ መመሪያ ማንበብ መቻሉ ይፈተናል። እትዬ ማሽን ላይ መውጣት ፈለገች። ሌላ ነገር አልነበራትም የምትመኘው፤ «ጎንበስ ብዬ ገብቼ ጎንበስ ብዬ አልወጣም» ትላታለች እናቴን። የማታ ትምህርት እንዳትገባ ፈረቃዋ ይቀያየራል። ስለዚህ ማንም የማይፈልገውን የዓርብ ሌሊት ፈረቃ ከየሰዉ እየለመነች ወሰደች፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ እንድትገኝ። ሰዎች ምን ነካት አሉ። እሷ ሳትተኛ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ከልጅ ኋላ ተቀምጣ ከአሻንጉሊት ፊደል ትቆጥር ነበር።

አንድ ፊደል ለአንድ ቅዳሜ ነው። ከ«ሀ» ተነስተን፣ የ«ገ»ን ሰባት ቤቶች ጨርሰን «ጠ» ላይ ደረስን። ግመሏ ብቅ ብላ አንገቷን ሰበቀች፣ «ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው…» አለችና መብራቱ ድርግም አለ። «ጠፋ» የሚለው ቃል ራሱ በ«ጠ» እንደሚጀምር ያን ጊዜ አላሰብኩትም። እየተሳሳቅን ጠበቅን። አልመጣም። እኛ ለጨዋታ ስንወጣ እትዬ ጥቁሩን መስታወት እያየች እዚያው አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀረች።

ሁላችንም ትምህርት ቤት የምንሄድ ልጆች ነን፤ «ጠ»ን በእንቅልፋችን እንጽፋታለን። «እስቲ ጻፉልኝ» ብትል በቂ ነበር። ግን ያን ካለች ለልጆቹ ነው ያለችው ሁሉ ሊፈርስ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት መብራት ነበር፤ ግመሏ ግን እኛን አልጠበቀችም፣ «ጨ» ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ፊደሉ ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ እትዬ አንድ ቀን እኛ ቤት መጥታ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፌን አነሳች። ገለጠችው። ዛፍ ላይ የወጣች ጦጣ ሥዕል አለበት፤ ከሥሩ «ጦጣዋ ዛፍ ላይ ወጣች» ይላል። እትዬ ጮክ ብላ «ዝንጀሮዋ ዛፍ ላይ ናት» ብላ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ በኩራት አየችኝ።

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ደግሞ ትልቅ ሰው አይታረምም ብላ ነው ያሳደገችኝ። ትልቅ ሰው ቢሳሳት ወደ ሌላ ቦታ ታያለሽ፣ ነውር ነው፣ ይባላል። «አይደለም እንዴ?» አለችኝ እትዬ። «አዎ» አልኳት። ልክ ነሽ አልኳት ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ ከሁሉም የምጠላው ይሄንን አንድ ቃል ነው።

የፈተናው ቀን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቅንድቧ ላይ አንድ ፍሬ ጥጥ ሳይኖር ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ እኛ ቤት ገባችና፣ እናቴ ሳትጠይቃት፣ ቆማ ነገረችን። የክፍሉ ኃላፊ አንድ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱ «ጥጥ ማሽኑ ላይ ሲጠመጠም በእጅ አይነካም። መጀመሪያ ማሽኑን ያጥፉ» የሚል ነበር። እትዬ ገና የመጀመሪያውን ቃል ስታይ ቆመች። ሁለት ፊደል ነው፤ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም አታውቃቸውም። ስንት ዓመት ከፀጉሯ ስታራግፈው የኖረችው ነገር ስም ነው ብሎ የነገራት የለም።

«ቀጥዪ» አላት ኃላፊው።

«ይቺን ፊደል አልተማርኳትም» አለችው። «የሷ ቀን መብራት አልነበረም።»

ሰውየው አልገባውም። እሷም አላፈረችም፣ አንድ በአንድ አስረዳችው፤ ግመሏን፣ ቅዳሜውን፣ ድርግም ያለውን። «ሌላውን ጠይቁኝ፤ ከሌላው አንድም አልስትም» አለችው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ኃላፊው ግን አልሳቀም፤ «ማሽኑ መብራት ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅሽም፣ እጅሽን ነው የሚወስደው» አላትና ወረቀቱን ተቀበላት። ወደቀች። ይሄንን ሁሉ ስትነግረን ድምፅዋ አልተሰበረም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

«አንቺን ምን አስለቀሰሽ?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር» አልኳት። «ጦጣዋን ዝንጀሮ ስትይ ነው ያወቅኩት።»

እናቴ ቶሎ ጣልቃ ገባችና «እኔ ነኝ ያስለመድኳት፣ ትልቅ ሰው አይታረምም ብዬ፣ በኔ ይሁን» አለች።

«ወላሂ፣ ነውሩ እዚህ ላይ ነው» አለች እትዬ። ስትናገር የምታየው እኔን እንጂ እናቴን አልነበረም። «አለማወቄ ነውር አይደለም። አውቀሽ ዝም ማለትሽ ነው ነውሩ። የኔም ጥፋት አለበት፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ይኸው ዛሬ ጮህኩ። ተነሽ።»

እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝና ኖራ ሰጠችኝ። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ወደ መንገዱ ያያል፤ ፈረቃ ሲቀየር የፋብሪካው ሰው በሙሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። እዚያ ላይ፣ ከሩቅ በሚታይ መጠን፣ «ጠ ጡ ጢ ጣ ጤ ጥ ጦ» ብዬ እንድጽፍላት አዘዘችኝ። ኩርሲዋን አውጥታ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የሚያልፈው ሰው እያየ «ለልጆቹ ነው?» ይላታል።

«ለኔ ነው» ትላለች።

«ከግመሏ ጋር ነው አሉ የምትማሪው?» ይላታል ሌላው፤ የፈተናው ወሬ ቀድሟት ደርሷል።

«አዎ። ያንተን አስተማሪ ስም ረስተኸዋል፣ የኔን አገር ያውቃታል» ትላለች።

የሚስቅ ይስቃል። እትዬ ጣቷን ቆርቆሮው ላይ እየጎተተች ታነባለች፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ ስትሳሳት «አይደለም» እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ቃሉን አጉተመትመው ነበር። ያኔ በክርኗ ትጎስመኛለች፤ «ምላስሽ ታሰረ? በይ እንጂ» ትለኛለች። በሳምንቱ ለመድኩት። እንዲያውም አበዛሁት፤ እስከ ዛሬም አልተወኝም። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ቃል ሲያበላሹ «አባባ፣ ይሄ እንዲህ አይደለም» እላቸዋለሁ። የሚቆጣ አለ፣ ወረቀቱን ነጥቆ የሄደም አለ። ይሂድ። ይሉኝታ ለኔ ስሙ ጨዋነት አይደለም፤ አንዲት ሴት ላይ ምን እንዳደረገ በዓይኔ አይቻለሁ። ግመሏ በበኩሏ እንደገና ከ«ሀ» ጀምራ ነበር። «ጠ» ላይ እስክትደርስ ብንጠብቃት ግማሽ ዓመት ታስጠብቀናለች፤ አልጠበቅናትም።

ሁለተኛው ፈተና ሁለት ወር ቆይቶ መጣ። ያኔ እናቴ ከክፍሉ በር ላይ ቆማ ስለነበር፣ የምነግራችሁ ከእሷ የሰማሁትን ነው። የዚህኛው ወረቀት ስለ እሳት ነው፤ እሳት ሲነሳ ወዴት እንደሚኬድ፣ ማን እንደሚጠራ። እትዬ ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ አነበበችው። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀና «አልፈሻል። ሰኞ ማሽን ላይ ትመደቢያለሽ፤ ሂጂ» አላት።

አልተነሳችም።

«የመጀመሪያውን ወረቀት ስጡኝ» አለችው።

«አልፈሻል እኮ እያልኩሽ!»

«ሰምቻለሁ። እሱን ስጡኝ።»

ሰውየው ቁም ሳጥኑ ድረስ ሄዶ፣ እየተነጫነጨ፣ ፈልጎ አመጣላት። ያኔ ነው የተነሳችው። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ባለፈው ጊዜ ወደሳቁት ሰዎች ዞራ፣ «ጥጥ» ብላ ጀመረች። ከግድግዳው ወዲያ ያ ሁሉ ማሽን እየጮኸ ነበር፤ እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ቃል እንደሰማች ትናገራለች።