ለሙሽሮች መኪና ካምቢዮ ምርጫ፦ ከደሴ ካርቱም

ከደሴ መነሳት

ጦርነቱ ካርቱምን ከማመሰቃቀሉ በፊት፣ በአንድ የግንቦት ወር፣ ካምቢዮ ለመምረጥ ከደሴ ካርቱም ድረስ ሄጄ ነበር። ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። እኔ ደሴ ውስጥ መኪና መንዳት የማስተምር ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ደግሞ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ እየኖረች ስትሠራ ፀጉሯ ሸብቷል። ቤቱን የምታጸዳውም፣ የቤቱን መኪና የምትነዳውም እሷ ናት።

አንድ ቀን ደወለችና ከዚያ ቤት ልትወጣ መሆኑን ነገረችኝ። ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ገዝታ ሙሽሮችን ከውበት ሳሎን ወደ ሠርግ አዳራሽ ልታደርስ ነው። ካርቱም ውስጥ እንዲህ ባለ መኪና መታጀብ ፋሽን ሆኗል፤ ሹፌሮቹ ግን ወንዶች ናቸው። ልጃቸውን ተኳኩላ፣ ሒና ተቀብታ፣ ከማያውቁት ወንድ ጎን ማስቀመጥ የማይወዱ እናቶች ገና መኪናው ሳይገዛ ዘይነባ ዘንድ ቀን ማስያዝ ጀምረዋል። ስለዚህ ሹፌር ቀጥራ መገላገል አትችልም፤ መንዳት ያለባት ራሷ ናት።

«ሰይዶ፣ ሁለት መኪና አግኝቻለሁ» አለችኝ። «አንዱ ማኑዋል ነው። አንዱ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ኦቶማቲክ የሚሉት ነው። አንተ የመኪና ሰው ነህ፤ ናና ምረጥልኝ።»

«ማኑዋሉን ግዢ» አልኳት፣ ገና ሳትጨርስ።

«ግራ ጉልበቴስ?»

ጉልበቷን ረስቼው አይደለም። ሐኪሙ እንዳትንበረከክ፣ በግራ እግሯም ደጋግማ እንዳትጫን ነግሯታል። እኔ ግን ኦቶማቲክ የሰነፍ መኪና ነው እያልኩ ለተማሪዎቼ ስሰብክ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጉልበት ቀስ በቀስ ይለምዳል አልኳት።

«እስቲ መጀመሪያ መጥተህ እይ፤ ከዚያ ትፈርዳለህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መተማና ገዳሪፍ

በወልድያ በኩል ጎንደር ደርሼ፣ በማግስቱ ወደ መተማ የሚወርደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሸዲ ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ በእጄ ይዤው ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ለካርቱም ሐበሾች በርበሬና ሽሮ የሚያደርሱ ነጋዴ ናቸው። ምሳቸውን ፈትተው ዳቦ ከቆረሱልኝ በኋላ ወሬ ጀመሩ።

«ለሥራ ነው የምትሄደው ልጄ?»

«ካምቢዮ ልመርጥ ነው።»

«ጎንደር ካምቢዮ ጠፋና?» አሉ። «ለማንኛውም ውኃ በደንብ ጠጣ። እዚያ ሰውም መኪናም የሚገድለው ሙቀቱ ነው።»

መተማ ላይ ፓስፖርት አስመትተን፣ ትንሿን ድልድይ በእግር ተሻግረን ጋላባት ገባን። እዚያ ፉል በላሁ። በሰሊጥ ዘይት የተንሳፈፈ፣ ጥሬ ሽንኩርትና አይብ የተነሰነሰበት ነው፤ ዋጋው ከደሴ ሽሮ አይበልጥም፣ ሆድ ግን እስከ ማታ ይይዛል። ከገዳሪፍ ወዲያ አገሩ ሜዳ ብቻ ነው። የማሽላና የሰሊጥ እርሻው ገና አልተዘራም፤ ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ የለም። ደሴ ላይ ከፒያሳ አንድ ሰፈር ለመውጣት የምቀያይረውን ማርሽ የኛ ሹፌር እስከ ወድ መደኒ ድረስ አልቀየረም። ቀናሁበት ማለት ባልችልም፣ እግሩ እንዳረፈ ግን ልብ ብያለሁ።

ሪያድ

ዘይነባ በአሠሪዎቿ መኪና አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ተቃቅፈን ስናበቃ ወፍረሃል አለችኝ፤ እኔ ከስታለች ብዬ አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም። መንዳቷን ሳይ ግን ሙያዬ ነውና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። መኪናው መነሳቱም መቆሙም አይታወቅም። መጨናነቅ ውስጥ ከፍሬኑ ላይ እግሯን በጥቂቱ እያነሳች፣ ከፊቷ ካለው መኪና ኋላ በጣት ልክ እየተጠጋች ትሳባለች።

«እንዲህ ማን አስተማረሽ?»

«እመቤቷ ከኋላ ሻይ ይዛ ነው የምትቀመጠው» አለችኝ። «መጀመሪያ ሰሞን አንዴ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም።»

ክፍሏ ከቪላው ጀርባ ናት፤ አልጋ፣ ሳጥንና ማራገቢያ ይዛለች። እኔ በረንዳው ላይ እንዳድር ተፈቅዶልኛል። የመጣሁበትን ጉዳይ እዚያው ቁጭ ብላ ቁልጭ አድርጋ ነገረችኝ። ወር ሲያልቅ እንደምትለቅ ለቤቱ ሰዎች ተናግራለች፤ በእሷ ቦታ የምትገባ ልጅ ከወሎ እየመጣች ነው። ያላት ገንዘብ አንድ መኪና ይገዛል፤ ሁለተኛ አይገዛም። የተሳሳተውን ከገዛች ክፍሏም ሥራዋም የሌላ ሰው ሆኗል። ይህን ስሰማ ከደሴ ይዤው የመጣሁት ፍርድ ትንሽ ከበደኝ።

ባሕሪ፦ ቀዩ መኪና

በማግስቱ የወንዙን ድልድይ ተሻግረን ከማዶ ያለው ባሕሪ ገባን። ጋሽ ተስፋዬ የሚባሉ የጎንደር ሰው እዚያ ጋራዥ አላቸው። ካርቱም ከገቡ ልጆቻቸው አግብተው ወልደዋል፤ አማርኛቸው ከዐረብኛ ጋር ተጋብቷል። ቀዩን መኪና አንድ ደንበኛቸው እንዲሸጡለት ትቶላቸዋል።

«ያላ፣ ተመልከተው። ጊር ዓዲ ነው» አሉኝ። ማኑዋልን ካርቱም እንዲህ ነው የሚሉት፤ ተራ ማርሽ እንደማለት። «ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ እኔ እዚሁ አወርደዋለሁ፤ ዕቃው ሱቅ ሞልቷል። ሙሽኪላ የለውም።»

ነዳሁት። እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። የማርሹ ዘንግ አጭር ናት፤ ከሁለት ወደ ሦስት ስትገፋ እጅ ውስጥ ቀጭ ትላለች። ሞተሩ የሚጠይቀውን ራስህ ትሰጠዋለህ፤ መኪናው አንተን ጠብቆ ይሄዳል። በባሕሪ የፋብሪካዎች መንገድ አንድ ዙር ሠርቼ ስመለስ ዘይነባ ፊቴን አይታ፣ «ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ እሷ ያዘች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ያ የታወቀው መጨናነቅ ጠበቀን፤ እነሱ ዘሕማ ይሉታል። መርገጥ፣ አንደኛ ማስገባት፣ ሁለት ክንድ መሄድ፣ እንደገና መርገጥ። የስፖርት መኪና ፍሪሲዮን ጠንካራ ነው። ትንሽ እንደሄድን በቀኝ እጇ ማርሹን፣ በግራ እጇ ጉልበቷን መያዝ ጀመረች፤ መሪውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ተሻግረን ጥላ ስር ስናቆም በሩን ከፍታ መውጣት አልቻለችም። ሁለት እጇን ይዤ አወጣኋት።

ዐማራት፦ ነጩ መኪና

ነጩ መኪና ያለው ዐማራት፣ ቁጥር ከተሰጣቸው መንገዶች በአንዱ ነው። ዑስማን የሚባል ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ደላላ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ መጠጥ በበረዶ ጋበዘንና ቁልፉን ሰጠን። ይህ ካምቢዮ ውስጡ ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንዱ አንደኛን፣ ሦስተኛንና አምስተኛን ይይዛል፤ ሌላው ሁለተኛን፣ አራተኛንና ስድስተኛን። በአንዱ እየሄድክ ሌላው የሚቀጥለውን ማርሽ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የግራ እግር መርገጫ የለም።

ሰፊው መንገድ ላይ ነዳጁን ረገጥኩት። ማርሹ ሲቀየር ከድምፁ በቀር ምንም አልተሰማኝም። ሃያ ዓመት ከእጄ በቀር ማንንም የማላምንበትን ማርሽ ይህ ብረት ከኔ አስበልጦ ቀየረው፤ ተናደድኩ። ዘይነባ ስትይዘው ደግሞ ፊቷ ፈካ፤ ግራ እግሯን ዘርግታ ረሳችው።

ድልድዩ ላይ ግን፣ በቀትር፣ እንደለመደችው በጣት ልክ እየተሳበች ስትሄድ ብርቱካንማ መብራት በራ። መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ አልንቀሳቀስም አለ። ካምቢዮው ግሏል። ከኋላችን ጡሩምባው ቀለጠ፤ አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ስለ ሴት አነዳድ የሚያውቀውን ሁሉ ነገረን። መብራቱ እስኪጠፋ ቆመን ጠበቅን። እኔ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልኩሽ አይደል ለማለት ብቻ ነው የፈራሁት።

ጋሽ ተስፋዬ ሲሰሙ እጃቸውን አራገፉ። «ይህ ጊር ከተበላሸ ዕቃው ዱባይ ታዞ ነው የሚመጣ፣ ኢንሻአላህ። እኔ አልከፍተውም፤ አላውቀውም» አሉ።

እንደገና ድልድዩ ላይ

ያን ዕለት ከሰዓት በረንዳው ላይ ተጋድሜ ሳስበው ነገሩ ተገለጠልኝ። ለተማሪዎቼ ጠዋት ማታ የምጮኸው አንድ ነገር አለ፤ «ፍሪሲዮን ላይ አትተኛ!» ግማሽ ረግጠህ፣ ግማሽ ለቀህ ከተሳብክ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ዘይነባ ፍሬኑን በጥቂቱ እየለቀቀች ስትሳብ ነጩ በውስጡ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የእመቤቷ መኪና ተራ ኦቶማቲክ ነውና ልስላሴዋን ይችለዋል፤ ነጩ አይችልም። መርገጫ ስለሌለው ፍሪሲዮኑን ረስተን ሁለታችንም ተሸወድን እንጂ መኪናው በአንጀቱ ማኑዋል ነው።

በማግስቱ ዑስማንን ለምነን ነጩን ድጋሚ ወሰድን።

«አትሳቢ» አልኳት። «ቁሚ። ከፊትሽ ያለው ይራቅ። ቦታ ሲኖር ብቻ ቆርጠሽ ተነሺ።»

ቆመች። ከፊታችን ቦታ ሲከፈት አንድ ሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ገባበት። እንደገና ቆመች፤ ሌላ ሪክሻ።

«ሰይዶ፣ ባንተ አነዳድ እኮ ወደ ኋላ ነው የምንሄደው!»

«ይግቡ፤ ሠርግ የሚጠሩት አንቺን እንጂ እነሱን አይደለም። አሁን! ርገጪው!»

«ሻዩ ይደፋል» አለች ከልማድ።

«ይደፋ!»

ረገጠችው። መኪናው ዘለለ፤ እሷም በሳቅ ፈነዳች። እንዲህ እየቆምን፣ እየዘለልን፣ እየተሰደብን ተሻገርን፤ መብራቱ አልበራም። መንገዱ ዳር ስናቆም እንድፈርድ ጠየቀችኝ። ያለውን ሳልደብቅ ነገርኳት። ለመኪናው ዕድሜ ከሆነ ቀዩ ይሻላል፤ ሙቀቱን ይችላል፣ ቢበላሽ ጋሽ ተስፋዬ አሉ። ነጩ ተጠንቅቀሽም ቢሆን አንድ ቀን ይግላል፤ ከተሰበረም የሚጠግነው የለም።

ሰምታኝ ስታበቃ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቷን አሳየችኝ። አብጧል፤ ቆዳው ሰሌን ላይ የተኛ ይመስል መስመር መስመር ሠርቷል።

«ይህን ጉልበት በሰው ወለል ላይ ነው የጨረስኩት» አለችኝ። «የተረፈችኝን ለካምቢዮ አልሰጥም። መኪናው ሲግል እጠብቀዋለሁ፤ ጉልበቴ ግን ቢጠበቅም አይመለስም። ነጩን ነው የምገዛው።»

የኔ መንጃ ፈቃድም፣ የማስተምርባት መኪናም የተገኙት ከዚያው ወለል ነው። እንባዬ መጣና ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። እሷ ደግሞ የሚያለቅስ ሰው አትወድም፤ ሞተሩን አስነስታ ወደ ዑስማን ወሰደችን።

ደሴ

የሽያጩ ወረቀት እስኪያልቅ ቆየሁ፤ በመመለሻዬ ቀን በነጩ መኪና አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ። በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ፤ ከጭልጋ ወዲህ ብርዱ ሲቀበለኝ ሹራቤን ለበስኩ። ደሴ እንደገባሁ የሙያ ጓደኞቼ የትኛው ይበልጣል ብለው ከበቡኝ። ድሮ ቢሆን ጥያቄው ሳያልቅ እመልስ ነበር። አሁን ማን ነው የሚነዳው፣ በየትኛው መንገድ ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ዐረቦቹ አለዘቡህ እያሉ ይስቁብኛል።

ዘይነባ የመጀመሪያዋን ሙሽራ ካደረሰች በኋላ ደወለችልኝ።

«መብራቱ በራ» አለች።

ክው አልኩ። «የት ላይ?»

«ድልድዩ መሐል። አንተ ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ዘሕማው ግን ሊለቅ ነው? ሙሽራዋን 'መኪናው ትንሽ ይተንፍስ' አልኳትና አቆምኩ። ሙሽራው ከኋላ መኪና ወርዶ እየሮጠ መጣ። ጓደኞቹ ሁሉ ወረዱ። አንዱ ከበሮ ይዟል። 'አብሺር! አብሺር!' ብለው ሙሽራውን እያሞገሱ እጃቸውን አንስተው ጣታቸውን ማጮኽ ጀመሩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሙሽራዋም የተጠመጠመችበትን ቀይ ቶቧን ሰብስባ ወረደች። ፀሐይ ወንዙ ላይ እየገባች ነው፤ ካሜራ ያዡማ ሊያብድ ደረሰ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ግቡ ብላቸው ማን ይስማኝ?»

«አልተቆጡሽም?»

«የተቆጡትስ ከኋላ የነበሩት ሹፌሮች ናቸው። የሙሽራዋ ታናሽ እህት ለሚመጣው ወር ታገባለች። እናትየዋ ጠርታኝ ምን አለችኝ መሰለህ? ለእሷም ድልድዩ ላይ አቁሚልን።»

«መኪናው ባይግልስ?» አልኳት።

«ባይግልም አቆማለሁ» አለችኝ። «መኪናው የኔ ነው።»