ቱቦ ያለው ምድጃ

ይህ የሆነው ጦርነቱ ከሐይቅ ከተማ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ፀጉረ ልውጥ ባየ ቁጥር በሚደነግጥበት ጊዜ ነው። ዛሬም ብስክሌት ላይ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ ሰው ሳይ ትዝ ይለኛል፤ መጀመሪያም በራሴ እስቃለሁ።

ከሳውዲ ከተመለሰው ጓደኛዬ ከሰይድ ጋር በብስክሌት ግሸን ድረስ ልንሄድ፣ በየመንገዱም ድንኳን ተክለን ልናድር ተማክረን ነበር። ያከራከረን ምድጃው ነው። የከሰል ምድጃ እንያዝ ስለው፣ "አንተ፣ ብስክሌት ነው አህያ እምትጭነው?" አለኝ። የላምባ ቡታጋዝ ስል አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ ከሳውዲ ያመጣውን አወጣ፤ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ ማቃጠያ፣ ቀይ የብረት ጠርሙስ፣ በመሀላቸው ቀጭን ቱቦ። የሚሠራው በቤንዚን ነው። ቤንዚን ደግሞ በዚያን ጊዜ ለባጃጅም አይገኝም ነበር። እኔ ሞኙ ግን በእጄ መዝኜ ቅለቱን አደነቅሁ።

ከጥቁር ገበያ ጥቂት ቤንዚን ገዝተን ለሙከራ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወጣን። አንድ መንደር አቋርጠን ከራስጌው ሜዳው ላይ ተቀመጥን፤ ሰይድም በጠርሙሱ ክዳን ላይ ባለው ፓምፕ እንደ ጎማ አየር ይነፋበት ጀመር።

ቀና ስንል የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። ከኋላቸው ሸህ ይመር የሚሏቸው ሽማግሌ አሉ። አንዱ ጠመንጃውን ሰይድ ላይ ደግኖ፣ "እጅህን ከዚያ ነገር አንሳ" አለው።

"ምድጃ ነው" አልኩ። ድምፄ እኔንም አላሳመነኝም።

"ምድጃ ቱቦ የለውም" አሉ ሸህ ይመር። "ምድጃ ከሆነማ አንድዱትና እንየው።"

ሕይወታችን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ተንጠለጠለ። ሰይድ ክብሪት ይጭራል፣ ነፋሱ ያጠፋዋል። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ቤንዚኑ ቦግ ብሎ ቅንድቡን ለበለበው። የታጠቁት ሰዎች መሬት ላይ ተደፉ። ምድጃ ነው ያልኩት እኔው ራሴም አብሬ ተደፋሁ። ያልተነቃነቁት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

እንደ ምንም እሳቱ ሰከነ፣ ውሃውም ፈላ። ሸህ ይመር ቢስሚላህ ብለው አንዴ ፉት አሉና ቤንዚን ቤንዚን የሚለውን ሻይ ደፉት። ጠመንጃው ወረደ። ተረፍን ብዬ ስተነፍስ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"እዚህ መንደር እሳትና ውሃ ማን ከለከላችሁ?"

"ማንም አልከለከለንም፣ አባቴ።"

"ታዲያ በሰው ደጅ ተቀምጦ ለብቻው እሚያበስል ምን ዓይነት ሰው ነው? በሰላም የመጣ እንግዳ 'ቤቶች' ይላል። እናንተ ዝም ብላችሁ አለፋችሁን። ያስፈራን እሱ ነው።"

ቤታቸው ወስደው አበሉን። ሰይድ እየጎረሰ ስለ ምድጃው ቅለት ያስረዳቸው ነበር፤ አለማፈሩ።

እኔ ግን እጄን ከመሶቡ ሰበሰብኩ። በጦርነቱ ከሐይቅ ስንሸሽ፣ እናቴንና እኔን የማናውቃቸው ገበሬዎች ናቸው ያስጠጉን። ያን ቀን በራቸው ላይ ቆሜ "ቤቶች" ያልኩት እኔው ነበርኩ። የራሴን ሻይ የማፈላበት ዕቃ ባገኘሁ ማግስት ግን፣ የእንዲህ ያለውን ሰው ደጅ እንደ በረሃ ቆጥሬ አለፍኩት። ደግነው የቆሙብንን ሰዎች ድሮ ይቅር ብያለሁ። ራሴን ግን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ።